አሮጌው ኮምፒውተርና የእናቱ ጨዋታ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ኩዌት ለምትሠራው እናቱ ደውሎ አዲስ ኮምፒውተር እንድትገዛለት ጠየቃት። እሷም ዋጋውን እንኳን ሳትጠይቅ «እሺ የኔ ጌታ» አለችው። ሰው ቤት ተቀጥራ ያንን ገንዘብ ለማጠራቀም ስንት ወር እንደሚፈጅባት ስለማውቅ ስልኩን ተቀበልኩና «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ነገሩን ልየው» አልኳት። ልጁ አኮረፈኝ።

በማግስቱ ቡናዬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ይንቀራፈፋል» አለኝ። «ምን ስትሠራበት?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ለእማዬ የምልክላትን ጨዋታ ስቀዳ» አለ። የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ሲነግረኝ ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ ጠፋብኝ።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ የሌሊት ተረኛ እየሆንኩ ባገኘሁት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለእናቱ ቲቪ ጌም ገዝቼላት ነበር። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የምትወደው ሱፐር ማሪዮን ነበር። ይህ ጨዋታ ኒንቴንዶ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ስምንት ዓለም አለው። እያንዳንዱ ዓለም አራት ደረጃ ስላለው በድምሩ 32 ደረጃ ነው። ጨዋታው የደረሱበትን አያስቀምጥም፤ መሣሪያው ከጠፋ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ አልነበረም። ስምንተኛው ዓለም ደርሳ መብራት የሄደባት ማታ ትራሷን አቅፋ ያለቀሰችው ዛሬም ይታየኛል። መጨረሻውን ሳታይ አደገች፣ ወለደች፣ ሰው አገር ሄደች።

ልጁ ይህን ከራሷ ሰምቶ ኖሯል። ያላየችውን መጨረሻ ሊያሳያት ነው ለካ!

ኢሙሌተር የሚባለው ፕሮግራም የድሮውን መሣሪያ በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ያሠራል። የእኛው ኤፍሲኢዩኤክስ ይባላል። ኮምፒውተሩ ያገለገለ፣ ራሙም 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ጨዋታውን ለብቻው ሲያጫውት ደህና ነው። ስክሪን የሚቀዳ ፕሮግራም ሲጨመርበት ግን ማሪዮ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይቀራል።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ከሥራዬ ጋር ተመሳሰለብኝ። ጨዋታው በየሰከንዱ 60 ያህል ምስል ያወጣል። የሚቀዳው ፕሮግራም ደግሞ እያንዳንዱን እየተቀበለ መጭመቅ አለበት። አንዲት ነርስ ለሞላ ዋርድ ብቻዋን ስትቆም እንደሚሆነው ነው፤ ሁሉንም እኩል ልያዝ ስትል አንዱ ይዘለላል።

«እናንተ ታዲያ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» አለኝ። ተረኛ ነርስ የታካሚውን ፊት እየሳለች አታድርም። ሰዓቱን፣ የልብ ምቱን፣ ሙቀቱን፣ የተሰጠውን መድኃኒት ቻርቱ ላይ ታሰፍራለች። ጠዋት የሚመጣው ሐኪም ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ከዚያች ወረቀት ያነባል። ይህን ስነግረው ልጁ ብድግ አለ። «እማማ፣ ኢሙሌተሩ ላይም እንዲህ ያለ ነገር አለ!»

ለካስ ፕሮግራሙ ምስሉን ትቶ የትኛው ቁልፍ በየትኛው ቅጽበት እንደተጫነ ብቻ መመዝገብ ይችላል። መሣሪያው ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ያው ቁልፍ በያው ቅጽበት ከተጫነ፣ ያው ጨዋታ ይደገማል። የጨዋታው ቅጂ ሌላ ከሆነ ግን ማሪዮ ያለቦታው ይዘልና ጉድጓድ ይገባል። የግማሽ ሰዓት ጨዋታ በዚህ መልክ ሲመዘገብ ሁለት ሜጋባይት አይሞላም። ምስሉ ሳይጨመቅ ቢያዝ 20 ጊጋባይት ገደማ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ መዝገቡን እያነበበ ጨዋታውን ይደግምና እያንዳንዱን ምስል ከነድምፁ ወደ ቪዲዮ ይጽፋል። አሁን ተጫዋች ስለማይጠብቀው አይጣደፍም። ግማሹን ሰዓት በሦስት ሰዓት ቢጨርሰውም አንድ ምስል አይጎድልም።

ለጥራቱም ልጁ ሦስት ነገር ተማረ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ምስሉን በማያበላሽና ኮምፒውተሩን በማያደክም ኮዴክ ማስቀመጥ፣ ጠበቅ ያለውን መጭመቅ ግን ለሌሊት መተው። ሁለተኛ፣ ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ሲያጎሉት በሙሉ ቁጥር ማባዛት፤ 256 በ240 የነበረው በሦስት ሲባዛ 768 በ720 ይሆናል፣ ጠርዙም አይደበዝዝም። ሦስተኛ፣ 60ውን ምስል ወደ 30 አለመቀነስ፤ ማሪዮ ተመትቶ ብልጭ ድርግም ሲል አንዱ ምስል ላይ ታይቶ በሚቀጥለው ስለሚጠፋ፣ ግማሹ ከተጣለ ጭራሽ ሊሰወር ይችላል።

ተሳካ ባልንበት ቀን ሌላ ነገር መጣ። ኢሙሌተሩ የደረሱበትን አስቀምጦ፣ ሲሞቱ ወደዚያው መመለስን ይፈቅዳል። ልጁ እንዲህ እየተመላለሰ ነበር የጨረሰው። ቪዲዮው ላይ ግን ይህ አይታይም። መዝገቡ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ከፍቶ ሲያሳየኝ ከአናቱ 312 የሚል ቁጥር አየሁ። ወደ ኋላ የተመለሰበት ብዛት ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ይቆጥራል። ሳልጠይቀው «እማዬ እኮ ይህን አታየውም» አለኝ።

በወጣትነቴ አንድ ሌሊት፣ ድካም ቢያሸንፈኝ፣ የአንዲት ታካሚን ሙቀት ሳልለካ እንደለካሁ አድርጌ ቻርቷ ላይ ጽፌያለሁ። ሴትየዋ ድና ወጣች፣ ማንም አላወቀብኝም። እኔ ግን ያንን ቁጥር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ቻርት ላይ ስህተት ሲኖር አይፋቅም፤ እንዲታይ አንድ መስመር ተሰምሮበት ይፈረምበታል ተብለን ነበር የተማርነው። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ይህን ነገር ለልጁ ነገርኩት። «ያንተ ጨዋታ ነው፣ ሰው አይሞትበትም። እንደፈለግህ አድርግ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ መብራት ሲጠፋባት ከመጀመሪያ ነበር አይደል የምትጀምረው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሄዶ መዝገቡን አጠፋና ከአንድ ጀመረ።

አሥራ ሰባት ቀን ፈጀበት። ድልድዩ ፈርሶ ልዕልቲቱ የታየች ዕለት ሰፈሩን በጩኸት አናጋው። መዝገቡን ስንከፍት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ቪዲዮው እየተጻፈ ሳለ መብራት ድርግም አለ። እኔ ክው አልኩ፣ እሱ ግን ሳቀ። «የተጫወትኩት ተመዝግቧል፤ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያ ይድገመው» አለኝ።

በቴሌግራም ጥራቱ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል ላከላት። ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ እስከ መጨረሻው አይታ ደወለች። ለጥቂት ጊዜ ድምፅ የለም። ከዚያ «መብራት ሳይጠፋብህ ጨረስከው?» አለችው። የጠፋውንም፣ 312ቱንም፣ ዜሮውንም አንድ በአንድ ነገራት። ስለ ኮምፒውተሩ ስታነሳበት «ይቆይ፣ ለትኬትሽ አድርጊው» አላት። ይሄኔ ሁለታችንም አለቀስን።

ኮምፒውተሩ አሁንም ይንቀራፈፋል። እኔም ልጁ አዲስ ዕቃ ሲጠይቀኝ እምቢም እሺም ከማለቴ በፊት ቡናዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።