ዘይቱንና የጋራችን ወይራ

በመድረሳ ሱረቱ ቲንን የሚቀሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ዘይቱን ማለት ይኸው የኛ ወይራ ነውን?» አላህ (ሱ.ወ.) የማለበትን፣ በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽም የተባረከ ተብሎ የተወሳውን ዛፍ ልጁ በቃሉ እየቀራ፣ ጋራው ጥግ የቆመውን ዘመዱን ባያውቀው ምን ይባላል?

የዕፅዋት ሊቃውንት ወይራንና የሜድትራንያኑን ዘይቱን አንድ ዝርያ ይሏቸዋል፤ ልዩነታቸው የንዑስ ዝርያ ነው። የኛው ፍሬ ትንሽ፣ ሥጋውም ስስ ስለሆነ ለዘይት አይመረጥም። በፓኪስታን ግን በዱር ወይራ ጉቶ ላይ የዘይቱን ቅርንጫፍ እያጣበቁ ፍሬ ያገኙበታል። በአውሮፓ ለመሣሪያ እጀታ የሚፈለገው አሽ የተባለው ዛፍም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲኬድ ሜዳው የሩዝ ማሳ ነው፤ በየቤቱ ዙሪያ የሚታየውም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ልጆቹን ይዘን ወደ ጋራው እንወጣለን። መጀመሪያ የምናሳያቸው የቅጠሉን አቀማመጥ ነው። የወይራ ቅጠል ጥንድ ጥንድ እየሆነ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ አሽም እንደዚሁ ነው። ልጆች ከወይራ ጋር የሚያምታቱት ክትክታ ቅጠሉ ጠባብ ቢሆንም አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ፍሬውም ወረቀት የመሰለ ክንፍ አለው። አጋም ቅጠሉ ጥንድ ነው፤ ነገር ግን እሾህ አለው፣ ሲሰበርም ነጭ ወተት ያወጣል።

ከዚያ ቅጠሉን መገልበጥ ነው። የወይራ ቅጠል ፊቱ ጥቁር አረንጓዴና አብረቅራቂ፣ ጫፉ ሹል ነው፤ ጀርባው ግን ወርቃማ ወይም ቡናማ ይመስላል። ልጆቹ ይህችን ምልክት አንዴ ካዩ አይረሷትም። አበባው ነጭና ደቃቅ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊነት ይለወጣል፣ በውስጡም አንድ ጠንካራ ፍሬ ይገኛል። ያረጀ ግንድ ሻካራና ጠማማ ነው። እናቶቻችን ደግሞ ቅጠል መገልበጥ አያሻቸውም፤ የወተት ቅል ሲታጠን ጭሱን ካሸተቱ ይበቃቸዋል! እኛ በትምህርት ቤት የዕፅዋት መጽሐፍ ይዘን የምንደክምበትን እነርሱ በአፍንጫቸው ይጨርሱታል።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲዋክ ሲባል በዐረብ አገር በብዛት የሚታወቀው የአራክ ዛፍ ነው፤ በኛ ዘንድ ግን የወይራ መፋቂያ የተለመደ ነው። ልጅ ከጫካ ቆርጦ ወደ አፉ የሚያስገባውን እንጨት ማወቅ አለበት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣ እንጨት ወይራ አይደለም፤ ወደ አፍም ወደ ዓይንም አይጠጋ፤ የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል።

ወይራ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለከሰል ግን በአንድ ጠዋት ይቆረጣል። ችግኝ ለምትተክሉ፣ ክረምት ውሃ በሚተኛበት የፎገራ ጥቁር አፈር ላይ አታድክሙት። ከፍ ያለና ውሃ የማይቋጥር፣ ድንጋያማም ቢሆን፣ ይስማማዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከፍየል ጠብቁት።