ስለ ዊዳ ከተማ ዘንዶዎችና መብል እንቢ ስላለው የቤት ዘንዶ

ዊዳ በምዕራብ አፍሪካ በቤኒን አገር በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት፤ ከኮቶኑም በስተምዕራብ 40 ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟ በታሪክ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በባርነት ተሸጠው ከዚሁ ጠረፍ በመርከብ ስለ ተጫኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቧ ዘንዶን አክብሮ ስለሚያኖር ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም እንስሳን በቤቱ ለሚያኖር ሰው ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ባለፈው ጥር ወር ታናሽ እኅታችንን ለመጠየቅ ወደ ቶጎ ዋና ከተማ ወደ ሎሜ በአውሮፕላን ሄደን ነበር። ከሎሜ እስከ ዊዳ ያለው መንገድ ከመቶ ኪሎሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ በቀኙ ባሕሩና የኮኮ ዘንባባው፥ በግራው ደግሞ ሐይቅና ረግረግ እየተፈራረቁ ይታያሉ። ወራቱ ሃርማታን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ከሰሐራ በረሓ የሚነፍስበት ስለ ነበረ ሰማዩ አቧራ ለብሶ ፀሐይቱ እንደ ጨረቃ ገርጥታ ትታይ ነበር፤ ሌሊቱም ከጠበቅነው ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር።

ወደ ዊዳ መሄዳችን ግን አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። የእኅታችን ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ብላቴና ስትሆን፥ አባቷ ከገበያ የገዛላትን አንድ ዘንዶ በመስታወት ሣጥን ታኖር ነበር። እኛ በደረስንበት ቀን ይህ እንስሳ መብል ከቀመሰ 71 ቀን ሆኖት ነበር። በአገራችን ተረት አርዌ የተባለው ዘንዶ በአክሱም ነግሦ ሕዝቡ ከብቱንና ልጁን ሲገብርለት ኖረ ይባላል፤ የእኅታችን ቤት ዘንዶ ግን ግብሩ ሲቀርብለት ፊቱን የሚያዞር ነበር። ልጅቱም እራት ሲቀርብ ሳሕኑን ገፋ አድርጋ፥ «አጎቴ፥ እሱ ሳይበላ እኔ እንዴት ልብላ?» አለችን። እናቷም፥ «ጋሼ፥ እባብ ቤቴ መግባቱ ሳያንስ አሁን ደግሞ ልጄን ያለ ወራቱ ጾም አስለመደብኝ፤ እስቲ እርስዎ አንድ ነገር ይበሉ» ስትል አመለከተች።

አባትየው አፉን በግድ ከፍቶ ሥጋ ለመክተት አስቦ ነበር፤ አንድ ጎረቤትም ይህንኑ መክሮታል። ልጅቱ ግን፥ «አፉን ከሰበራችሁት ይሞታል» ብላ አለቀሰች። እኛም የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆናችን፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ አይቆረጥምና ነገሩ ከዊዳ እስክንመለስ ድረስ ይቆይ ብለን ቀጠሮ ሰጠን።

የዘንዶዎቹ ቤት በከተማዪቱ መካከል ነው። ፊት ለፊቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ተሠርቶ የተፈጸመው የካቶሊኮች ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ወደ ሁለቱም የሚሄዱት ሰዎች በአንዱ አደባባይ ላይ ሰላምታ ሲለዋወጡ አየን። በግቢው ውስጥ አንዲት ክብ ቤት አለች፤ በወለልዋም ላይ ኀምሳ ያህል እንደሚሆኑ የነገሩን ዘንዶዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተጠምጥመው ተኝተዋል። ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ መልካቸው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ወርቅ የሚመስል ነጠብጣብ ተጥሎበታል፤ መርዝም የላቸውም። ጠባቂው አንዱን አንሥቶ በትከሻችን ላይ ሊያኖር በቀረበ ጊዜ፥ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ወደ ኋላ ማፈግፈጋችን አልቀረም፤ ነገር ግን ቆዳው ደረቅና ለስላሳ ሆኖ አገኘነው።

የአገሩ ሰዎች በዘንዶው የሚያከብሩት አምላክ ዳንግቤ ይባላል። ሥርዓቱ እጅግ የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚያ አገር የነበረው የሆላንድ ነጋዴ ቦስማን እንደ ጻፈው፥ አንድ ዓሣማ አንዱን ዘንዶ ቢበላ የአገሩ ዓሣማዎች ሁሉ እንዲገደሉ ከንጉሡ ትእዛዝ ወጣ፤ በአንዱ በደል ዘሩ ሁሉ ሳይጠየቅ መቀጣቱ ለፍርድ ቤት ሰው የሚከብድ ነገር ነው። በ1727 ዓ.ም. የዳሆሜ ንጉሥ አጋጃ አገሪቱን በያዘ ጊዜ፥ ወታደሮቹ ዘንዶዎቹን እየገደሉ እንደ በሉ ስኔልግሬቭ የተባለው እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ ጽፏል። ይሁን እንጂ የዳሆሜ መንግሥትም በ1894 ዓ.ም. በፈረንሳዮች እጅ ወድቆ ሲያልፍ፥ የዘንዶዎቹ ቤት ግን እስከ ዛሬ አለ።

እኛም በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርናት ፈረንሳይኛ፥ «አባቴ፥ እነዚህን በምን ትመግቧቸዋላችሁ? ያልበላ ቢኖርስ ምን ታደርጉታላችሁ?» ስንል ጠባቂውን ጠየቅነው። ሽማግሌውም ፈገግ ብሎ፥ «ልጄ፥ እኛ ብሉ አንላቸውም፤ በሌሊት በሩን እንከፍትላቸዋለን፤ የራበው ወጥቶ አይጡን ያድናል፤ ያልራበው ይተኛል። በማግሥቱ ዘንዶ በቤቱ ያገኘ ሰው በክብር አቅፎ ያመጣልናል» ሲል መለሰልን።

ይህን ቃል ይዘን ተመልሰን በሎሜ ከሚገኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር በተነጋገርን ጊዜ፥ የሽማግሌው ነገር ከሳይንሱ ጋር የሚስማማ መሆኑን ተረዳን። ይህ ዘንዶ በፈረንሳይኛ ንጉሣዊ ዘንዶ፥ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኳስ ዘንዶ ይባላል፤ ሲፈራ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላልና። ቀን በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት ያድናል። እንደ እኛ ሰውነቱን የሚያሞቅ እሳት በውስጡ ስለሌለው ሙቀትን የሚያገኘው ከመሬትና ከአየር ነው፤ ስለዚህም መብል የሚፈልገው በጥቂቱ ነው፤ ጤናማ ሆኖ ሳለ ብዙ ወራት ሊጾም ይችላል። ብርድና ድርቅ ሲሆን፥ ቆዳውን ሊለውጥ ዐይኑ ሲደበዝዝ፥ ወንዱ ሴት በሚፈልግበት ወራት፥ ሴቲቱም ዕንቁላሏን ሁለት ወር ያህል ታቅፋ ስትጠብቅ አይበሉም። ከዚህም በላይ ቦታ ሲለወጥበትና ሲፈራ መብልን ይተዋል።

ሐኪሙ ዘንዶውን ቢመዝነው 640 ግራም ሆነ። ልጅቱ በተገዛበት ቀን በወጥ ቤት ሚዛን መዝና 665 ብላ በደብተሯ ጽፋ ነበርና፥ የጎደለው ከመቶ አራት እጅ እንኳ እንደማይሞላ ታወቀ። አፉ ንጹሕ፥ አተነፋፈሱም መልካም ነበር። «የታመመው ዘንዶው አይደለም፤ ቤቱ ነው» አለ። ሣጥኑ በአየር ማቀዝቀዣው ሥር ቆሞ ነበር፤ በአራቱም ወገን መስታወት ስለ ሆነ መሸሸጊያ አልነበረውም፤ የሰፈሩም ልጆች ለማየት እየመጡ ይደበድቡት ነበር።

እንግዲህ ሐኪሙ ያዘዘው ይህ ነው። የሣጥኑ አንዱ ወገን ከ31 እስከ 33፥ ሌላው ወገን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን፤ ይህም በሙቀት መለኪያ ይታወቅ እንጂ በእጅ አይገመት። ሦስቱ ወገን በጨርቅ ይሸፈን። በሁለቱም ወገን ዘንዶው ተጠቅልሎ ጎኑ ግድግዳውን የሚነካበት ጠባብ መሸሸጊያ ይደረግለት፤ የተሰበረ ገንቦ ተገልብጦ ቢቀመጥለት ይበቃዋል። ንጹሕ ውሃ ዘወትር አይታጣ፤ አየሩም ጥቂት እርጥበት ይኑረው፤ ክዳኑም ጠንክሮ ይዘጋ።

መብሉን በተመለከተ፥ አይጡ ውፍረቱ ከዘንዶው ወፍራም አካል እንዳይበልጥ፤ የሞተ ሆኖ በሙቅ ውሃ ከሞቀ በኋላ ሲመሽ በጉጠት ተይዞ ይቅረብለት። በሕይወት ያለ አይጥ ከዘንዶ ጋር ትቶ መሄድ አደገኛ ነው፤ ያልራበውን ዘንዶ አይጡ ራሱ ነክሶ ያቈስለዋልና። እንቢ ካለ ሳይነካኩት ዐሥር ቀን ይተውት። ከበላም በኋላ ሁለት ቀን አይነሣ። አፉን በግድ መክፈት ግን ጥርሱንና መንጋጋውን ስለሚጎዳ፥ ከሐኪም በቀር ማንም አይድፈረው። በየሳምንቱ ይመዘን፤ ከመቶ ዐሥር እጅ ከቀነሰ፥ ወይም ከአፉ አረፋ ከወጣ፥ ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

እኅታችንም ሣጥኑን ከማቀዝቀዣው አርቃ አንዱን ገንቦዋን ሰበረች። በመጀመሪያው ዐሥር ቀን አልበላም፤ ልጅቱ ግን ለእኛ በሰጠችው ቃል መሠረት ሳታለቅስ ጠበቀች፤ እራቷንም ትበላ ጀመር። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ በ95ኛው ቀን ስልክ ተደወለልንና፥ «አጎቴ፥ በላ!» የሚል ድምፅ ሰማን።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን ዘንዶ ግዙ ስንል አይደለም። ከቤኒን፥ ከቶጎና ከጋና በየዓመቱ እጅግ ብዙ ዘንዶዎች ተይዘው ወደ ውጭ አገር ይሸጣሉ፤ ንግዱም በዓለም አቀፍ ውል ይጠበቃል። በአገራችንም የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞም በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የአራዊት ማኖሪያ በ1961 ዓ.ም. የገባች አንዲት ንጉሣዊ ዘንዶ በ2020 ዓ.ም. ከ60 ዓመት በላይ ሆኗት ዕንቁላል ጥላለችና፥ እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚቀበል ሰው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አደራ መቀበሉን ይወቅ።

ነገር ግን ውሻም ሆነ ድመት፥ ላምም ሆነች ዶሮ፥ በእጃችን ያለ እንስሳ መብል እንቢ ሲል አስቀድመን አፉን ሳይሆን ቤቱን እንመርምር፤ ሙቀቱንና ብርዱን፥ ፍርሃቱንና ዕረፍቱን እንጠይቅለት። መናገር የማይችል ፍጥረት አቤቱታውን የሚያቀርበው ባለመብላት ነው፤ አቤቱታውንም ሰምቶ ምክንያቱን መፈለግ የጌታው ፈንታ ነው።