ልጅ ይዞ ሆቴል መምረጥ

ልጅ ሲመጣ የሆቴል መስፈርትም አብሮ ይለወጣል። ድሮ ላንጋኖ ስንሄድ ጥያቄያችን «ክፍሉ ሐይቁን ያሳያል?» ነበር። አሁን «ከበሩ እስከ ውሃው አጥር አለ?» ሆኗል። የበረንዳው ብረት ክፍተት የልጅ ጭንቅላት ያሳልፋል? ማታ አጥሚት የሚያሞቅልን ይኖራል? የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ስለሆኑ ወባ ያሰጋል፤ አጎበር የግድ ነው። ፎቶዎቹ ግን የሚያሳዩን መዋኛ ገንዳና አበባ የተበተነበት አልጋ ብቻ!

ስልክ ደውዬ «ድክ ድክ የሚል ልጅ አለን» ስል፣ «ኧረ ችግር የለም!» ከሚለኝ ይልቅ «እንግዲያው ደረጃ የሌለበትን ክፍል ልያዝልዎት» የሚለኝን አምናለሁ።

እናንተስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ?