ነገ ይምጡ!

ቢሮአችን ግድግዳ ላይ «ጊዜ ወርቅ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ በላይ የተሰቀለው ሰዓት ግን ባትሪው ካለቀ ስምንት ወር አልፎታል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን አንድ ላይ ያየኋቸው በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝማ! «ቢዚ» ነበርኩ።

የምሠራው ባለጉዳይ በሚያስተናግድ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ፋይል አያለሁ፤ የጎደለ ካለ እጠይቃለሁ፤ ካልጎደለ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለፊርማ እመራለሁ። «ሥራ እንዴት ነው?» ያለኝ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ኧረ መተንፈሻም የለኝ!» እናቴ እንኳ «ልጄን ሥራ ገደለው» እያለች ለጎረቤት ታወራልኛለች።

እናላችሁ አንድ ሐሙስ አንድ አዛውንት ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ከደብረ ብርሃን ነው የመጡት። እኔም እንደ ልማዴ ከስልኬ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል «አባባ፣ አልደረሰም፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። አልተቆጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ነገ ያልከኝ ባለፈው ሐሙስ ነበር» አሉኝ። ለካ ያን ቀን አዲስ አበባ ማደሪያ ስላልነበራቸው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ኖሯል።

አፈርኩ። ፋይላቸውን ፈልጌ አወጣሁት። ምንም አልጎደለውም! ደብዳቤውን ጽፌ ለመጨረስ የፈጀብኝ 20 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ሁለት ደርሶ መልስ 520 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይኼ ሁሉ መንገድ የእኔን 20 ደቂቃ ፍለጋ!

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ደብተር ይዤ ቀኔ የት እንደሚገባ መመዝገብ ጀመርኩ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8፣ ዓርብ 7፣ በድምሩ 39 ሰዓት ቢሮ ነኝ። ከዚህ ውስጥ ፋይል ላይ ያዋልኩት 14 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ስብሰባው፣ ማኪያቶው፣ ቴሌግራሙ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ እነሱንስ ጠርጥሬአቸው ነበር። ያልጠረጠርኩት ሌላ ነው። አንዱን ፋይል አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ስልክ ሲጠራ እዘጋዋለሁ፤ ስመለስ የት እንደደረስኩ ጠፍቶኝ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ። ድካሙ እውነተኛ ነበር፤ ሥራው ግን አልነበረም።

አሁን ሁለት ነገር ለውጫለሁ። አንደኛው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ የጀመረው ዘዴ ነው። የቲማቲም ቅርጽ ያለው የማዕድ ቤት ሰዓት እየሞላ ያጠና ስለነበር ዘዴው በጣሊያንኛ «ፖሞዶሮ»፣ ቲማቲም ማለት ነው፣ ተባለ። 25 ደቂቃ አንድ ሥራ ብቻ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ እረፍት። ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ስብሰባ የሚጠራው አለቃዬ ስለሆነ እሱን መከልከል አልችልም፤ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡30 ያለው ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጄ ነው። ከባድ ከባዱን ፋይል ያኔ እጨርሳለሁ።

ሁለተኛው፣ «ነገ» የሚለውን ቃል ትቻለሁ። ያልደረሰ ጉዳይ ካለ የሚደርስበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ከቢሮው ስልክ ቁጥር ጋር እሰጣለሁ። «ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ» እላለሁ። ቀን ጽፎ መስጠት ደግሞ ያስጨንቃል፤ «ነገ» ማንንም አይጠይቅም፣ «ማክሰኞ» ግን ይጠይቃል።

ጻድቅ ሆንኩ እያልኩ አይደለም። ባለፈው ዓርብ ቴሌግራም አንድ ሰዓት ሙሉ በልቶብኛል። ለግድግዳው ሰዓት ግን ባትሪ ገዝቼለታለሁ። ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሳነብ አሁን አልስቅም። ጊዜ ወርቅ መሆኑ እውነት ነው፤ እኔ የተሳሳትኩት ወርቁ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነው።

ቸር እንሰንብት!