ስፓኒሽን በእንግሊዝኛ በኩል ለምን?

ስፔን ውስጥ 10 ዓመት በሕጋዊ ነዋሪነት የቆየ ሐበሻ (ስደተኝነቱ ተቀባይነት ካገኘ 5 ዓመት) ዜግነት ልጠይቅ ሲል ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል። አንደኛው ስለ ሕገ መንግሥቱና ስለ አገሪቱ ኑሮ የሚጠይቅ ነው፤ ከ25 ጥያቄ 15 የመለሰ ያልፋል። ሽምደዳ ለለመደ የሐበሻ ተማሪ ይሄ ፈተና አይባልም። ጉዱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ኢንስቲቱቶ ሴርቫንቴስ የሚያወጣው ዴሌ ኤ2 የተባለው የቋንቋ ፈተና።

በዚህ ፈተና ማዳመጥና መናገር አንድ ላይ ከ50 ይታሰባሉ፤ ለማለፍ 30 ያስፈልጋል። ንባብና ጽሑፍ ለብቻቸው ስለሚቆጠሩ፣ እዚያ ያመጡት ነጥብ አንደበትን አያድንም። ለንግግሩ 12 ደቂቃ መዘጋጃ ይሰጣል። ከዚያ ስለ አንድ ርዕስ ማውራት፣ ፎቶ ማብራራት፣ በመጨረሻም ከፈታኙ ጋር መነጋገር ነው።

ማድሪድ ውስጥ አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች የምትኖር ሴት ለዚሁ ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ቀኑን ሙሉ በስፓኒሽ ስትግባባ ትውላለች፤ ማታ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሰዋስው መጽሐፍ ትከፍታለች። በግማሽ የምታውቀውን ቋንቋ በግማሽ በምታውቀው ሌላ ቋንቋ መማር ማለት ነው!

መጽሐፉ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለውን እንደ ግልብጥ አነጋገር ያስረዳታል። የተገለበጠው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። አማርኛ «ቡና ደስ ይለኛል» ሲል ባለቤቱ ቡናው ነው፤ ልክ እንደ ስፓኒሹ። «ሜ ዱኤሌ ላ ካቤሳ»ም ያው «ራሴን ያመኛል» ነው። «ፉኢ» እና «ኢባ» የሚባሉት ሁለት ኃላፊ ጊዜያት ስንቱን ያስለቅሳሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ሄድኩ» እና «እሄድ ነበር»ን ከልጅነቱ ጀምሮ ይለያል። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ግሥ ይጨርሳቸዋል።

ሁሉም ግን ቀላል አይደለም። «ነርስ ነኝ» እና «ወጥ ቤት ነኝ» በአማርኛ አንድ «ነኝ» ነው፤ ስፓኒሽ የመጀመሪያውን «ሶይ»፣ ሁለተኛውን «ኤስቶይ» ይላል። ፆታም አለ። አማርኛ እንደ ስሜቱ «መኪናው» ወይም «መኪናዋ» ይላል፤ ስፓኒሽ ግን ጠረጴዛን አንዴ ሴት ካደረገ አይመለስም። እዚህ ላይ መልፋት ግድ ነው። ጉልበቱም መዋል ያለበት እዚሁ ላይ እንጂ ቀድሞ በሚታወቀው ላይ አይደለም። አማርኛን መነሻ ያደረገ ሃምሳ ገጽ ደብተር ቢኖር ስንት ምሽት ያተርፍላት ነበር!

«ኡስቴድ» ላይ ግን መጽሐፍም አላስፈለጋት። አሮጊቷ «ቱ በዪኝ፣ አትራቂኝ» ቢሏትም አፏ እሺ አላላትም፤ እናቷን የሚያህሉ ሰው እንዴት አንቺ ይባላሉ? «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እሳቸው ይመጣሉ» ግሣቸው አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ «ኡስቴድ ቪዬኔ» እና «ኤያ ቪዬኔ»ም እንዲሁ ናቸው። ፈታኙን አንቱ እያለች ለማነጋገር ልምምድ አያሻትም፤ ስትለማመደው ነው የኖረችው።