ስሙ ባይኖርበት ስንት እንከፍላለን?



የምረቃ ወር ሲቃረብ ዶርም ውስጥ ከመመረቂያ ጽሑፍ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የልብስ ነገር ነው። ጋውኑ ሁላችንንም እኩል ይሸፍነናል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚለበሰው ግን የየራስ ጣጣ ነው። አንዳንዱ ሙሉ ልብስ ይከራያል፤ አንዳንዱ ጨርቅ ገዝቶ ያሰፋል፤ አንዳንዱ ከሱቅ አዲስ ይገዛል። አራተኛም መንገድ አለ፤ ታዋቂ ድርጅት የሰፋውን፣ ሌላ ሰው የለበሰውን ኮት በቅናሽ መግዛት። ዘንድሮ የአንድ ክፍል ልጆች የሆንን አራት ጓደኛሞች በዚህ አራተኛ መንገድ ላይ አንድ ሳምንት ተከራከርን። የደረስንበት ነገር ለሌሎች ወንድሞችና እህቶችም ይጠቅም ይሆናል ብለን ጻፍነው።

ከአራታችን አንዱ ለባንክ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ ነበር። እናቱ በግ ሸጠው 6000 ብር ልከውለታል። በዚያው ሰሞን ፒያሳ አካባቢ አንድ ልብስ ሻጭ ጣሊያን የሚኖረው ወንድሙ ሲለብሰው የነበረ ጥቁር ሰማያዊ ኮት እንዳለው ሰማን። ውስጡ ላይ የአርማኒ ስም አለበት፤ ዋጋው 5000 ብር።

አንዳችን «አርማኒ በ5000 ብር? ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» አለ። ሌላው «ሰው የጣለውን ልብስ በእናትህ በግ ልትገዛ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ግን «ስሙ ባይኖርበት ስንት ትከፍል ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር።

ከስሙ ጀመርን። ጆርጆ አርማኒ ድርጅቱን ሚላን ውስጥ የመሠረተው በ1975 ነው። የወንድ ኮት ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ስፖንጅና ደረቅ ጨርቅ ቀንሶ ኮቱን ቀላል በማድረጉ ይታወቃል። ነገር ግን ስሙ ያለው አንድ ዓይነት ልብስ ላይ ብቻ አይደለም። በ1981 ኢምፖሪዮ አርማኒ፣ በ1991 ደግሞ ለወጣቶች የታሰበው አርማኒ ኤክስቼንጅ መጥተዋል፤ ዋጋቸውም ከዋናው ይለያል። ስለዚህ «አርማኒ ነው» ማለት ብቻውን የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። በዚያ ላይ የስም ጨርቅ ቁራጭ ናት፤ በመርፌና በክር ከአንዱ ኮት ወደ ሌላው ትሄዳለች። ስሟ የምትለውን እውነት የሚያደርገው የኮቱ አካል ነው።

ስለዚህ ወደ አካሉ ሄድን። በመጀመሪያ ትከሻውን አየን። እጅጌ ያጥራል፤ ወገብ ይጠባል፤ ቁልፍ ይቀየራል። ትከሻ ግን ኮቱ ፈርሶ እንደገና ካልተሰፋ አይስተካከልም፤ ያ ደግሞ ከኮቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የትከሻው ስፌት ትከሻችን በሚያልቅበት ቦታ ካላለቀ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። የቁጥሩም ነገር ቀላል ነው። የጣሊያን ኮት ላይ 50 የሚል ቁጥር ካለ ደረቱ ወደ 100 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ሰው ተሰፍቷል ማለት ነው፤ ቁጥሩ የደረት ግማሽ ነው።

ቀጥሎ ውስጡን ፈተሽን። በኮት ደረት ውስጥ ቅርጽ የሚይዝ ጨርቅ አለ። በጥሩ ኮት ውስጥ ከፈረስ ፀጉርና ከሌላ ክር የተሠራው ይህ ጨርቅ በስፌት ይያዛል፤ በርካሹ ውስጥ በሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው በሙቀትና በእጥበት ሲለቅ ደረቱ ላይ እንደ ውኃ አረፋ ያብጣል። ለማወቅ ከቁልፉ አጠገብ የውጪውን ጨርቅና ገበሩን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መለያየት ነው። በመካከል ሦስተኛ ጨርቅ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ከተሰማ የተሰፋ ነው። በዚህኛው ኮት ውስጥ ሦስተኛው ጨርቅ ተሰማን።

ከዚያ ኮቱን ወደ ብርሃን ወጥተን ዘረጋነው። ብል የበላው ቀዳዳ ፀሐይ ላይ ይታያል። ክርኑና ኪሱ አፍ ላይ ጨርቁ ካብረቀረቀ ክሩ አልቋል፤ ካውያም አይመልሰውም። ብብቱ ስር ገበሩ ላብ በልቶት እንደሆነ ማየት፣ ማሽተትም ያስፈልጋል።

እንደ ሙስሊም የጨመርናቸው ሁለት ፍተሻዎች አሉ። የመጀመሪያው የጨርቁን ዓይነት የሚናገረው ጽሑፍ ነው። በጣሊያንኛ «ላና» የበግ ፀጉር፣ «ሴታ» ሐር ነው። ንጹሕ ሐር ለወንድ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በተቀላቀለው ላይ ዑለሞች ዝርዝር ስላላቸው የሚያጋጥመው ሰው ኡስታዝ ይጠይቅ። የእኛው ውጪው «ላና» ነበር፤ ገበሩም ሐር አልነበረም። ሁለተኛው ፍተሻ ኮቱን ለብሶ እጅን ለተክቢር ማንሳትና ሩኩዕ ማድረግ ነው። በደንብ የተቆረጠ ብብት እጅ ሲነሳ ኮቱን ይዞት አይነሳም፤ ጀርባውም አይወጠርም። ዙህርን በቢሮ ለሚሰግድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ሰው ለብሶታል የሚለው ያሳሰበንም ነበር፤ ነጃሳ እስካልታየበት ድረስ ልብስ በመሠረቱ ንጹሕ ነው። ቢሆንም የማስጸጃውን ዋጋ ሒሳብ ውስጥ አስገባን።

እኛ ቀዳዳ ስንፈልግ ሻጩ ራሱ የግራውን ኪስ ክዳን ገልጦ «ይቺን ብል ነክቷታል» አለን። ክዳኑ ስለሚሸፍናት አላየናትም ነበር። ዐይብን ሳይደብቁ መሸጥ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በትምህርት ሰምተናል፤ ሱቅ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። «ወንድሜ ለብሶት የነበረ ነው» ያለውንም ያመንነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አወጣን። እጅጌ ማሳጠር፣ ቀዳዳዋን በተመሳሳይ ክር መድፈንና ማስጸዳት፣ ልብስ ሰፊ ጠይቀን 900 ብር ወጣ። ኮቱ ያለ ሱሪ ስለሚሸጥ የሚሄድለት ሱሪ ባይኖር ኖሮ ሌላ ወጪ ይመጣ ነበር። ጥቁር ሰማያዊና መስመር የሌለው ስለሆነ ግን ጓደኛችን ያለው ግራጫ ሱሪ ተስማማው። የስሙን ጨርቅ በጣት ሸፍነን «አሁን ስንት?» ተባባልን። ሁላችንም ከ4000 ብር አላለፍንም። ሻጩ በ4000 ተስማማ።

ጓደኛችን ከመክፈሉ በፊት እናቱ ጋ ደወለ። ያገለገለ መሆኑን ሲነግራቸው «ታጥቦ ይለበሳል፤ ብቻ ትከሻህ ላይ ይረፍ፣ ልጄ» አሉት። እኛ አንድ ሳምንት የፈጀንበትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ኒያ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥሩ ልብስ መውደድ በራሱ ኪብር እንዳልሆነ፣ ኪብር እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስተምረውናል። ስለዚህ ኮት መውደዳችን አላስጨነቀንም። ያስጨነቀን የእናት ገንዘብ ለማይታይ ስም መውጣቱ ነበር። ስሙ ያለው ውስጥ ኪስ አጠገብ ነው፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው ሰው አያየውም። የሚያየው ትከሻውን፣ ንጽሕናውንና የልጁን መልስ ነው። ቃለ መጠይቁ ተደርጓል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ኮት ሥራ አያስቀጥርም፤ ነገር ግን ለዒድም፣ ለኒካሕም፣ ለቢሮም ዓመታት የሚያገለግል ከሆነ ዋጋው በየቀኑ እየተከፋፈለ ይቀንሳል። ለአንድ ፎቶ ብቻ ከሆነ መከራየቱ ይሻላል።

ልትገዙ የምትሄዱ ሜትር ያዙ፤ በቀን ብርሃን ሂዱ፤ «አያምርብህም» ለማለት የማያፍር ጓደኛ አስከትሉ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገራችን ማስገባት ክልክል ስለሆነ ከየት እንደመጣ መጠየቅም አትርሱ። ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ደግሞ ስሙን በጣታችሁ ሸፍኑት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።