ማሳው ነው!

ዛሬ ስለ መብራት እናወራለን። የለም፣ ሰፈር ስለሚጠፋው አይደለም፤ እሱን ለምደነዋል። ስለ ትራክተር ተጎታች የኋላ መብራት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እኛ (ይህቺኑ ጸሐፊያችሁን ማለታችን ነው) የጋዜጠኝነት ዲግሪያችንን ታቅፈን፣ ሥራ እስኪገኝ በሚል ከባሕር ዳር አንበሳሜ፣ አጎታችን ዘንድ ሄደን ነበር። አጎታችን በትራክተራቸው የሰው ጤፍ ወደ ሐሙሲት ያመላልሳሉ። ሐሙሲትን ታውቋታላችሁ፤ የባሕር ዳር–ጎንደር መኪና ሁሉ የሚያልፍባት ከተማ ናት።

አንድ አመሻሽ ስንመለስ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጠን ነበር (ትራፊክ ፖሊስ ይህን እንዳያነብ)። ከኋላ የፍሬን ጩኸት ሰምተን ዞር አልን። አንድ ባጃጅ ተጎታቹ ሥር ሊገባ ክንድ ቀርቶት ቆሟል። ውስጡ ልጅ የታቀፈች ሴት አለች። ሾፌሩ «መብራት የለህም እንዴ!» ብሎ ጮኸ።

አጎታችን ተቆጡ። ጠዋት አብርተው አይተዋል፤ ከኋላ ቆመን «በርቷል!» ያልነውም እኛው ነን። ቤት ደርሰን ሲያበሩትም ቦግ አለ። «ይኸው! ደግሞ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው» አሉ። ቀስ የሚለው ላይ ነው ሰው ከኋላ የሚገባው ብንል ማን ሊሰማን!

በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን መጣ፤ ከእኛ የሚያንስ ልጅ። እኛ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ብለን መጠየቅ አራት ዓመት ተምረናል። እሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ቆሞ ነው ወይስ ሲጎትት ያያችሁት?»

ከዚያ ተጎታቹን ከትራክተሩ የሚያያይዘውን ፒን በብረት ነቀነቀው። መብራቱ ጠፋ፤ በራ፤ ጠፋ። «ማሳው ነው ጋሼ።»

«የትኛው ማሳዬ?» አሉ አጎታችን፤ ጤፍ የተዘራበት መስሏቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባትሪ በሽቦ ወጥቶ አምፖሉ የደረሰ ኤሌክትሪክ መመለሻ ይፈልጋል። መኪና ላይ የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ብረት ነው፤ መካኒኮች ማሳ ይሉታል (ቃሉ እንደ ፍሬቻና ፍሬን ከጣሊያን የቀረ ነው)። ተጎታች ግን ሌላ ብረት ነው። ስለዚህ የራሱ መመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል። 7 ቀዳዳ ባለው ሶኬት ላይ ለዚሁ የተመደበ ቦታ አለ፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ ቀለሙ ነጭ ነው። የእኛን የገጠመው ሰው ይህቺን አንድ ሽቦ ቆጥቧል። ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው በዚያ ግራሶና ዝገት በተሞላ ፒን በኩል ነበር፤ ሲቆም ይነካል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይለቃል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻዎቹ ጭል ጭል ይሉ የነበረውም ለዚህ ነው፤ መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ በጎረቤት አምፖል በኩል ሾልኮ ሲሄድ። እኛ ጌጥ መስሎን ነበር!

ልጁ አዲስ ሽቦ ዘረጋ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀው፣ በቡሎን አሰረው፣ በናስትሮ ጠቀለለው።

መፈተኑ የእኛ ድርሻ ሆነ። ሾፌር የገዛ የኋላ መብራቱን አያየውም፤ አጎታችን በኮረኮንቹ እየነዱ፣ እኛ ከኋላ አቧራውን እየቃምን እንሮጣለን።

«አለ?»

«አለ!»

«አሁንስ?»

«አለ፣ አጎቴ! ይንዱ!»